የክረምት የአኒሜሽን ትምህርት፦ ሁለት ሳምንት ምን ያስተምራል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም መልስ የምንሰጠው ከባሕር ዳርና ከዘጌ ለደረሱን ሦስት ደብዳቤዎች ነው። ጸሐፊዎቹ ሳይተዋወቁ የጠየቁት ስለ አንድ ጉዳይ፣ ማለትም በክረምት ወራት ስለሚሰጥ አጭር የአኒሜሽን ትምህርት በመሆኑ፣ ሦስቱን በአንድ ላይ ማቅረቡን መርጠናል። የመጀመሪያው ደብዳቤ ብዙ ነገር የሚያነሣ ስለሆነ ሰፊውን ቦታ የወሰደው እርሱ ነው።

ጥያቄ፦ የ24 ዓመት ወጣት ስሆን ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ በአሁኑ ጊዜ በአንድ የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ የግራፊክስ ሥራ እሠራለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘው ግን ሥዕል እንዲንቀሳቀስ ማድረግን ነው። ማታ ማታ ከኢንተርኔት እያየሁ ብሌንደር የተባለውን ሶፍትዌር በመጠኑ ለምጃለሁ፤ ሆኖም የምሠራቸው ሰዎች ሲራመዱ መሬት የረገጡ አይመስሉም፣ ይንሳፈፋሉ። በውጭ አገር የምትኖር አክስቴ በመጪው ክረምት ፓሪስ በሚገኘው ጎብለን በተባለው ትምህርት ቤት የሁለት ሳምንት የአኒሜሽን ኮርስ እንድማር ወጪዬን ለመሸፈን ፈቃደኛ ሆናለች። አባቴ በበኩላቸው «ለዐሥራ አምስት ቀን ትምህርት ይህን ሁሉ ገንዘብ ከማውጣት ጥሩ ኮምፒውተር ገዝተሽ ቤትሽ ብትማሪ አይሻልም ወይ?» ይሉኛል። ንግግራቸው እውነት እየመሰለኝ ለመወሰን ተቸግሬአለሁ። መሄዱ ይጠቅመኛል? የምሄድ ከሆነስ እስከዚያው ምን ልዘጋጅ?
እኅታችሁ፣ ከቀበሌ 14፣ ባሕር ዳር

መልስ፦ እኅታችን፣ የአባትሽ ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ከኮምፒውተሩ ዘንድ የሚገኝ አይደለም። የምትሄጂው ሶፍትዌር ለመማር ከሆነ አባትሽ ልክ ናቸው፤ አትሂጂ። ብሌንደር እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ2002 ጀምሮ ማንም ሰው ያለ ክፍያ የሚጠቀምበት ሶፍትዌር ሲሆን፣ በ2025 በኦስካር ውድድር የዓመቱ ምርጥ ባለ ሙሉ ርዝመት የአኒሜሽን ፊልም ተብሎ የተሸለመው የላትቪያውያን ሥራም የተሠራው በዚሁ ነው። መሣሪያው በእጅሽ አለ ማለት ነው። ቤትሽ ውስጥ የማታገኚው፣ ስትሥዪ ከኋላሽ ቆሞ «ይህ ሰው ክብደቱን የጣለው በየትኛው እግሩ ላይ ነው?» ብሎ የሚጠይቅሽን ሰው ነው። በደብዳቤሽ የገለጽሽው የመንሳፈፍ ችግር ደግሞ የሚፈታው እንዲህ ባለ ጥያቄ እንጂ በአዲስ ኮምፒውተር አይደለም።

ጎብለን በ1963 በፓሪስ የንግድ ምክር ቤት የተመሠረተ ትምህርት ቤት ሲሆን የአኒሜሽን ትምህርት መስጠት የጀመረው በ1975 ነው። ስሙ የገነነው ግን ለዓመታት በሚዘልቀው መደበኛ ትምህርቱ እንጂ በክረምት ኮርሱ እንዳልሆነ ልብ ማለት ይገባል። አጭሩ ኮርስ በሩን ገርበብ አድርጎ ውስጡን ማሳየት ነው፤ ዲግሪም ሆነ ዲፕሎማ አያሰጥም። በነገራችን ላይ እኛ የክረምት ኮርስ የምንለውን እነርሱ የሚጠሩት የበጋ ትምህርት ብለው ነው፤ ሐምሌ ለእኛ ጎርፍ ጣናን የሚያደፈርስበት፣ ለፓሪስ ግን እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ የማይጨልምበት ወር ነው። ከክፍል ስትወጪ በየአደባባዩ ተቀምጠሽ የምትሥዪበት ብርሃን ይኖርሻል፤ ይህም ከሚከፈለው ገንዘብ ውስጥ የሚቆጠር ጥቅም ነው።

እኔም ከዓመታት በፊት በሌላ የአውሮፓ ከተማ በሚገኝ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ የሁለት ሳምንት ኮርስ ተካፍዬ ነበርና የሠራሁትን ስሕተት ልንገርሽ። ከመሄዴ በፊት ሦስት ወር ሙሉ ሁለት ሶፍትዌሮችን ሳጠና ከረምሁ። በመጀመሪያው ቀን የተሰጠን ግን እርሳስ፣ ጠርዙ የተበሳ ወረቀትና ወረቀቱን ሳይነቃነቅ የሚይዝ፣ ፔግ ባር የሚባል ባለ ሦስት ጥርስ ዘንግ ነበር። መልመጃው እስከ ግማሹ የተሞላ የዱቄት ከረጢት ከወንበር ላይ ዘሎ እንዲወርድ ማድረግ ነው። ከረጢቱ ዐይን የለው፣ አፍ የለው፤ መፍራቱም መድፈሩም መታየት ያለበት በክብደቱ ብቻ ነው። የእኔ ከረጢት ወረደ፤ ሆኖም የያዘው ዱቄት ሳይሆን አየር ይመስል ነበር። አስተማሪው ወረቀቶቼን ሁለት ጊዜ ካገላበጠ በኋላ «ለመሆኑ ከረጢት ተሸክመህ ታውቃለህ?» አለኝ። አላውቅም ነበር። ከአጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ኮምፒውተር እምብዛም የማትነካ ስትሆን፣ በየገበያው እየተቀመጠች ሥላ የሞላቻቸውን አራት ደብተሮች ይዛ መጥታ ነበር። የእርሷ ከረጢት ከመዝለሉ በፊት ወደ ኋላ ተሰብስቦ አመነታ፤ ሲያርፍም የታችኛው ክፍሉ ቀድሞ ተንሰራፋ፣ የላይኛው ጫፉ ዘግይቶ ወደቀ። ክፍሉ በሙሉ ሣቀ። እኔ ያንን ለማግኘት አምስት ቀን ፈጀብኝ፤ አምስት ቀን ማለት ደግሞ የኮርሱ እኩሌታ ነው።

ጊዜው ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ በቁጥር ማየት ይቻላል። ፊልም በአንድ ሰከንድ ውስጥ 24 ምስሎችን ያሳያል፤ በእጅ በሚሣል አኒሜሽን አንዱ ሥዕል ብዙውን ጊዜ ለሁለት ምስል ያህል እንዲቆይ ስለሚደረግ ለአንድ ሰከንድ 12 ሥዕል ያስፈልጋል። ለ10 ሰከንድ 120፣ ለአንድ ደቂቃ 720 ሥዕል ማለት ነው። ሁለት ሳምንት ዐሥር የትምህርት ቀን ነው፤ ከዚያ ላይ ማብራሪያው፣ የሰውነት ሥዕል ልምምዱና መታረሙ ሲቀነስ ለራስሽ ሥራ የሚተርፈው ምናልባት ግማሹ ነው። ስለዚህ ፊልም ይዤ እመለሳለሁ ብለሽ አትጠብቂ። ይዘሽ የምትመለሺው የታረመ እጅ ነው፤ የሚታረም ነገር ይዘሽ ካልሄድሽ ግን አስተማሪው የሚያርምልሽ አይኖርም።

የሚታረመው ነገር ከደጅሽ ይገኛል። ማለዳ ወደ ሐይቁ ዳር ወርደሽ እንጨት ጭነው የሚመጡትን የደንገል ታንኳዎች ተመልከቺ። ባዶው ታንኳ ከውኃው በላይ ቀለል ብሎ ሲሄድ፣ የተጫነው ግን ጠልቆ፣ ከእያንዳንዱ ቀዘፋ በኋላ ለአፍታ ዘግይቶ ነው ወደ ፊት የሚነሣው። የቀዛፊው ትከሻ ከእጁ ይቀድማል፣ እጁ ከመቅዘፊያው፣ መቅዘፊያው ከታንኳው ይቀድማል። ይህን ቅደም ተከተል በስድስት ሥዕል መያዝ ከቻልሽ ብዙ ተማሪ በሳምንት የማይደርስበትን ይዘሻል። አሣ አጥማጆች አሣ በሚያጸዱበት ዳርቻ የሚሰበሰቡትን ፔሊካኖችም እያቸው። ፔሊካን ከባድ ወፍ ስለሆነ እንደ ድንቢጥ ብድግ አይልም፤ ሁለት እግሩን አጣምሮ ውኃውን ደጋግሞ እየመታ ጥቂት ርቀት ከተንደረደረ በኋላ ነው የሚነሣው። አኒሜተሮች አንቲሲፔሽን የሚሉት፣ እኛ «መሰናዶ» ብንለው የሚያስኬደው ነገር እርሱ ነው፤ ከእንቅስቃሴው በፊት የሚመጣውና ተመልካቹን ለሚቀጥለው ነገር የሚያዘጋጀው ትንሽ እንቅስቃሴ።

ከአንቺ ችግር ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ግን የሰው እርምጃ ነው። በአንድ እጇ ውኃ የሞላ ጀሪካን ይዛ የምትሄድ ሴት ስታዪ ባዶው ክንዷ ወደ ውጭ ተዘርግቶ፣ ወገቧ ወደ ጀሪካኑ ተቃራኒ አዘንብሎ ታገኚዋለሽ። ያለ ሸክም በሚራመድ ሰውም ላይ ነገሩ በመጠን ያንሳል እንጂ አይቀርም። ተረከዝ መሬት እንደነካ ክብደቱን የተቀበለው ጉልበት ይታጠፋል፣ መላው ሰውነትም ዝቅ ይላል፤ ሌላው እግር በአጠገቡ አልፎ ወደ ፊት ሲሄድ ሰውነት ከፍ ይላል። አዘውትሮ የሚሠራበት ልክ ለአንድ እርምጃ 12 ምስል፣ ለሁለት እርምጃ አንድ ሰከንድ ነው። የአንቺ ሰዎች የሚንሳፈፉት ወይ ከተረከዙ በኋላ የሚመጣው ዝቅታ ስለጎደላቸው፣ ወይም የረገጠው እግር በመሬቱ ላይ ስለሚንሸራተት ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ከመሄድሽ በፊት ራስሽ ልታርሚያቸው ትችያለሽ፤ አስተማሪውን በእነርሱ አታድክሚው።

ከዚህ ጎን ለጎን 10 ሰከንድ የሚሆን አንድ ሥራ በወረቀት ጨርሺ። ሥዕል በሥዕል ላይ ለማስተያየት ከሥር የሚያበራ ልዩ ጠረጴዛ አያስፈልግሽም፤ የመስኮት መስታወት ቀን ቀን ከበቂ በላይ ያበራል፣ ወረቀቱንም በተራ የቢሮ መብሻ በስተሽ ሁለት ሚስማር በተመታበት ጣውላ ላይ ማስያዝ ይቻላል። ሥዕሎቹን በስልክሽ በየተራ እያነሣሽ አገናኚያቸው። ሥራው የሚያምር መሆን የለበትም፤ ማለቅ ግን አለበት። አስተማሪ ፊት ያልተጨረሱ ዐሥር ሙከራዎችን ከማቅረብ አንድ ያለቀና የተሳሳተ ሥራ ማቅረብ እጅግ ይሻላል፤ ያላለቀ ሥራ ሁልጊዜ «ገና ነው» የሚል ማምለጫ አለውና።

የቪዛውን ነገር ባጭሩ ልግለጽ። የፈረንሳይ አጭር ቆይታ ቪዛ የሸንገን ቪዛ ስለሆነ ማመልከቻው ከጉዞው ቀን 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ፣ ቢዘገይ ከ15 ቀን በፊት መግባት አለበት፤ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ተመላልሶ ለሚጨርስ ሰው ግን ሁለትና ሦስት ወር ቀደም ማለት ይገባል። የማመልከቻው ክፍያ ከሰኔ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለአዋቂ ሰው 90 ዩሮ ሲሆን ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና ዋስትና፣ ከአውሮፓ ከምትወጪበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል ፓስፖርት፣ የትምህርት ቤቱ የቅበላ ደብዳቤ፣ የማረፊያ ማስረጃና አክስትሽ ወጪውን እንደምትሸፍን የሚያረጋግጥ ሰነድ ይጠየቃል። ከሁሉ የሚከብደው እንደምትመለሺ ማሳመኑ ነው፤ ስለዚህ የዓመት ፈቃድ እንደተሰጠሽና ወደ ሥራሽ እንደምትመለሺ የሚገልጽ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤትሽ አስጽፊ። ለትምህርት ቤቱ ገንዘብ ከመላክሽ በፊት ቪዛ ብትከለከዪ ስንት እንደሚመለስልሽ በጽሑፍ ጠይቂ። ይህን ሳይጠይቁ ከፍለው የተጎዱ ሰዎች አውቃለሁ።

ለውሳኔው የምመክርሽ ይህን ነው። ለሐምሌ የሚሰጥ ኮርስ ምዝገባው ከወራት በፊት ስለሚካሄድ ከአሁን ጀምረሽ እስከ የካቲት ድረስ ለራስሽ ጊዜ ስጪ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሁለት ደብተር በእርምጃ፣ በታንኳና በወፍ ሥዕል ሞልተሽ የ10 ሰከንዱን ሥራ ከጨረስሽ ሂጂ፤ ለአባትሽም ደብተሮቹን አሳያቸው፣ ከእኔ ደብዳቤ ይልቅ እርሱ ያሳምናቸዋል። ካልጨረስሽ ግን አክስትሽን አመስግነሽ ጉዞውን ለአንድ ዓመት ብታስተላልፊው ምንም አይቀርብሽም፤ ከገንዘቡም በጥቂቱ የሥዕል ታብሌት ይገዛል።

ጥያቄ፦ ደብተሩን ሁሉ በሥዕል የሚሞላ የ14 ዓመት ልጅ አለኝ። ባለፈው ክረምት «የአኒሜሽን ሥልጠና» የሚል ማስታወቂያ አይቼ ወደ አንድ ማሠልጠኛ ልኬው ነበር። ዐሥራ ሁለት ልጆች በአራት ኮምፒውተር ላይ ተጋፍተው፣ አብዛኛውን ጊዜ ፊልም ሲመለከቱ ሁለት ወር አልፎ የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። ዘንድሮ ደግሞ ሌላ ቦታ ልግባ እያለ ይለምነኛል። ደህናውን ከመጥፎው እንዴት ልለይ? ከዋናው ትምህርቱስ አያዘናጋውም?
ወላጅ አባት፣ ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር

መልስ፦ ጌታዬ፣ ያለፈው ዓመት ገንዘብዎ መባከኑ ያሳዝናል፤ የልጁ ፍላጎት ከዚያ በኋላም አለመብረዱ ግን ጥሩ ምልክት ነው። ሊያስመዘግቡት ሲሄዱ ከሁሉ አስቀድመው ያለፈው ክረምት ልጆች የሠሩትን እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። አስተማሪው የሠራውን አይደለም፣ ልጆቹ የሠሩትን። የሚያሳዩት ከሌላቸው ወይም ሁሉም ሥራ አንድ ዓይነት ከሆነ ልጆቹ ሲገለብጡ ከርመዋል ማለት ነው። ቀጥለው ስንት ሰዓት በወረቀት እንደሚሠሩ ይጠይቁ፤ «ወረቀት አንጠቀምም፣ እኛ ዘመናዊ ነን» የሚል መልስ ካገኙ አመስግነው ይመለሱ። የኮምፒውተሩ ቁጥር የሚያሳስበው ከዚህ በኋላ ነው።

ለዚህ ዕድሜ እንዲያውም ኮምፒውተር ባይኖርም ይቻላል። ልጁ በደብተሩ ጥግ እየሣለ ገጹን በአውራ ጣቱ ሲያገላብጥ አይተውት ይሆናል፤ ያ የአኒሜሽን ፊደል ነው። 60 ገጽ ያለው ትንሽ ማስታወሻ አምስት ሰከንድ ፊልም ይወጣዋል። ክረምት ደግሞ ለሌላው ዓይነት፣ ስቶፕ ሞሽን ለሚባለው፣ የተፈጠረ ወቅት ነው። እኛ ልጆች ሳለን ዝናብ ሲያባራ በጭቃ በሬና ላም እንሠራ ነበር፤ ዛሬ ያ የጭቃ በሬ በጠረጴዛ ላይ ቆሞ፣ እግሩ በጥቂት በጥቂቱ እየተነቃነቀ በስልክ ፎቶ ቢነሣ ይራመዳል። ስልኩ በእጅ እንዳይያዝ፣ ከሁለት መጽሐፍ መካከል ተጣብቆ እንዲቆም ብቻ ያድርጉ። ኒውዮርክ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ሠዓሊ ዕዝራ ውቤም አኒሜሽን የሚሠራው በዚህ መንፈስ ነው፤ በአንዲት ሸራ ላይ ይሥላል፣ ፎቶ ያነሣል፣ በላዩ ላይ ደግሞ ይሥላል። እንዲህ አድርጎ ከሠራቸው ታሪኮች አንዱ ሁላችንም የምናውቀው ጨዋታ ነው፤ አህያ፣ ፍየልና ውሻ ታክሲ ተሳፈሩ፤ አህያ ሒሳቧን ከፍላ ወረደች፣ ፍየል ሳትከፍል አመለጠች፣ ውሻ መልሱን ሳይቀበል ቀረ። ከዚያ ወዲህ አህያ መኪና ሲመጣባት አትደነግጥም፣ ፍየል ትበረግጋለች፣ ውሻ ግን መልሱን ለመጠየቅ መኪና ያባርራል። ልጅዎ ከዚህ ውስጥ የውሻውን ሩጫ ብቻ ቢሠራ ለአንድ ክረምት ይበቃዋል።

ከትምህርቱ ያዘናጋዋል ወይ ላሉት፣ በደንብ ከተማረው ይረዳዋል እላለሁ። የምትወድቅ ኳስ የሚሥል ልጅ በእኩል ጊዜ ውስጥ የምትወርደው ርቀት 1፣ ከዚያ 3፣ ከዚያ 5፣ ከዚያ 7 እያለ እንደሚጨምር ካላወቀ ኳሱ በክር የተንጠለጠለ ይመስልበታል። ይህ በፊዚክስ መጽሐፉ የሚያገኘው የመሬት ስበት ሕግ ነው፤ መጀመሪያ በእርሳሱ ያገኘው ልጅ በኋላ በቀመር ሲመጣበት አይፈራውም።

ኮምፒውተር ለመግዛት ካሰቡ አንድ ዓመት ቢታገሡ ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ ብሌንደርን ለማስኬድ ቢያንስ 8 ጊጋ ባይት ራም ያለው ያስፈልጋል፤ በእጅ ለሚሣለው ክሪታ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ከዚያ ባነሰም ይሠራል። በሐምሌና በነሐሴ ነጎድጓድ ሲጀምር ከሶኬት መንቀሉን ከወዲሁ ያስለምዱት።

ጥያቄ፦ ዘጌ ተወልጄ ያደግሁ፣ ከአባቴ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የተማርሁ የ20 ዓመት ወጣት ነኝ። ባሕር ዳር ውስጥ የክረምት የአኒሜሽን ኮርስ ልጀምር አስቤአለሁ። ጓደኞቼ ግን «ያንተ አሣሣል ለአኒሜሽን አይሆንም፣ መጀመሪያ እርሱን መርሳት አለብህ» ይሉኛል። እውነት ነው?
ከዘጌ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንዳትረሳው። የኡራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያንን የግድግዳ ሥዕል ከልጅነትህ ጀምሮ ስታይ ያደግህ ሰው ስቶሪቦርድ የሚባለውን፣ ማለትም ፊልሙ ከመሠራቱ በፊት ታሪኩ በተከታታይ ሥዕሎች የሚቀመጥበትን ዘዴ፣ ሳታውቀው ተምረሃል። የበላዔ ሰብን ታሪክ አስብ፤ ሰባ ስምንት ነፍስ የበላው ሰው፣ ውኃ የሚለምነው ድሃ፣ በእመቤታችን ስም የተሰጠው ጥርኝ ውኃ፣ በመጨረሻም ሚዛኑ። ሠዓሊው የትኛውን ቅጽበት ይዞ የትኛውን እንደተወ ብትመረምር፣ በክፍል ውስጥ ስለ ስቶሪቦርድ ከሚነገርህ ብዙውን እዚያው ታገኘዋለህ።

ጓደኞችህ ግን አንድ እውነተኛ ችግር ሳያዩ አልቀሩም። በእኛ ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዐይኑ፣ ኃጢአተኛ በጎን ታይቶ በአንድ ዐይኑ ይሣላል። በሚንቀሳቀስ ሥዕል ግን ደጉም ሰው አንገቱን ማዞር አለበት፤ ሲዞር በጎን በኩል ማለፉ የማይቀር ስለሆነ በዚያች ቅጽበት በልማዱ መሠረት ክፉ ሆነ ማለት ነው። ለዚህ የሚታየኝ መፍትሔ ደጉን ገጸ ባሕርይ ሁለቱም ዐይኖቹ ከሚታዩበት ግማሽ ዙር በላይ አለማዞር፣ ዙሩም ግድ ሲሆን በሁለት ሥዕል ፈጥኖ እንዲያልፍ ማድረግ ነው። ሙሉ የጎን ገጽታን ለክፉው ብቻ ብትተውለት ደግሞ ተመልካችህ ሳይነገረው የሚገባው ምልክት በእጅህ ይገባል፤ ይህን የሚያስተምር ኮርስ በውጭ አገር አታገኝም።

ጥቁሩ የዙሪያ መስመርና ያለ ጥላ የተለቀለቀው ቀለም ለአኒሜሽን የተመቸ ነው፤ ደጋግሞ ለመሣል አያስቸግርም። የሚያስቸግረው የልብሱ እጥፋትና ጌጥ ነው። በአንድ ካባ ላይ ዐሥራ አምስት የእጥፋት መስመር ካለ ለአንድ ሰከንድ 180 መስመር መሣል አለብህ፤ መስመሮቹ በየሥዕሉ ጥቂት ከተዛነፉም ካባው ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ልብሱን ወደ ሦስትና አራት መስመር አውርድ። አለበለዚያ ቁርጥራጭ አኒሜሽን ወደሚባለው ዘዴ ሂድ፤ ምስሉን አንድ ጊዜ በሙሉ ጌጡ ትሥለዋለህ፣ ራሱን፣ ክንዱንና እግሩን ለይተህ ትቆርጣለህ፣ በመጋጠሚያው ላይ በክር ታያይዘውና ከላይ በተሰቀለ ስልክ እያነሣህ ታንቀሳቅሰዋለህ። ለአንተ የሚስማማህ ይህ ይመስለኛል። የምትመዘገብበት ቦታም የሚያስተምረው ባለ ሦስት አውታረ መጠን አኒሜሽን ብቻ ከሆነ ሌላ ፈልግ።

የቅዱሳንን ሥዕል ራሱን ለማንቀሳቀስ ካሰብህ ግን አስቀድመህ የደብሩን አባቶች አማክር፤ የተቀደሰ ሥዕልና የገጸ ባሕርይ ሥዕል አንድ አይደሉምና። አሣሣሉን ወስደህ የዘጌን ተረትና ወግ ብትሠራበት ማንም አይከፋም። ለመጀመሪያው ሙከራህ ታንኳ ቀዛፊ ወይም ቡና ለቃሚ ምረጥ። ፈረሰኛ የመሣል ልምድ እንዳለህ እገምታለሁ፤ ፈረሱን ግን ለሚቀጥለው ክረምት አቆየው፣ አራት እግር አለው።